የሰም እሾህ

እትዬ ጠፍር የሚለውን ስም ያወጡላት ወታደሮቹ ናቸው። እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም የሚያስታውስ ሰው ዛሬ የለም ማለት ይቻላል፤ እሷም ብትሆን በዚያ ስም ቢጠሯት ዞር ማለቷን እንጃ። ጠፍር ስትሰፋ ኖራ ጠፍር ተብላ ቀረች።

የጫማ ሰፊ ልጅ ናት። ከወንድሞቿ ሁሉ የእሷ እጅ ቀልጣፋ ስለነበር አባቷ ወስፌውን ያወረሰው ለእሷ ነው። ደህና ዘመን ቢሆን ኖሮ የሰፈሩን ጫማ እየጠገነች፣ የሰፈሩን ወሬ እየሰማች ታረጅ ነበር። ዘመኑ ግን ደህና አልነበረም። በየመንገዱ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ከጠዋት እስከ ማታ “ጠላት ከተራራው ማዶ ነው!” እያለ ይጮኻል። ጠላትን በዓይኔ አየሁ የሚል ሰው አልነበረም። ጦርነቱ በማን ጊዜ እንደተጀመረ ሽማግሌዎቹ እንኳ አይስማሙበትም። ሁሉም የሚያውቀው የክንፍ ግብር የሚባለውን ነው፤ እያንዳንዱ ቤት አንድ ልጅ ለክንፍ ጦር ይሰጣል። ልጁ ካምፕ ይገባና ዘንዶ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ወዲያ ብዙውን ጊዜ ወደ ቤት የሚመለሰው ጫማው ነው።

ካገባች በኋላ ባሏም በወላጆቹ ቤት ድርሻ ወደ ክንፍ ጦር ሄደ። እሷ ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷ ሰውነቷ የቀጠነ፣ ድምፅዋ ግን ቤት የሚያናውጥ ነበረችና “ጭራሮ” አሏት፤ ደርቃ ትንጣጣለች ለማለት ነው። ጭራሮ ገና ጡት ሳትጥል የባልየው መርዶ መጣ። እናቲቱም ልጇን አዝላ አስከሬን ልትረከብ ካምፑ በር ላይ ደረሰች።

በሩ ላይ አመድ የመሰለ አንድ ግዙፍ ዘንዶ ክንፉን ዘርግቶ ተኝቷል። ወታደሮቹ በሩቁ ከበውታል፤ የሚጠጋው የለም። ከመካከላቸው ፊቱ በጥላሸት የጠቆረ አንድ ብረት ቀጥቃጭ ወደ እሷ መጣ።

“የሟቹ ባለቤት ነሽ?”

“አዎ።”

“እንግዲህ ልጄ፣ ባልሽ ያለው ከዚያ ዘንዶ ክንፍ ሥር ነው። ሰማይ ላይ ሳሉ ከኮርቻው የሚያስረው ጠፍር ተበጥሶ ወደቀ። ይሄ አመዶ የምንለው ዘንዶ ክንፉን አጥፎ ተከተለው። መሬት ሊደርስ ሲል ቀለበው፤ ግን ዘገየ። ከዚያ እዚህ አምጥቶ አስቀመጠውና ማንንም አላስጠጋ አለ።”

እሷ ዘንዶን በቅርብ አይታ አታውቅም። ድምፅ ማጉያው ዘንዶ ከእናቱ ሆድ ክፋት ይዞ እንደሚወለድ፣ እሳት መትፋትም ደስታው እንደሆነ ነው የነገራት። ልጇን እንዳዘለች ወደ አውሬው ተራመደች። አመዶ አንገቱን ቀና አድርጎ እናትና ልጅን አሸተተ። ከዚያ ክንፉን ሰበሰበ። ባሏ እንደተኛ ሰው ደህና ተደርጎ ተጋድሟል።

“እግዜር ይስጥህ” አለችው ዘንዶውን።

ካለቀሰች በኋላ ያን የተበጠሰ ጠፍር አሳዩኝ አለች። አገላብጣ አየችው። ስፌቱ የተራራቀ፣ ክሩም የበሰበሰ ነበር።

“ይሄን የሰፋው ማነው?”

“ምግብ አብሳዩ” አለ ቀጥቃጩ ፊቱን አዙሮ። “ሰፊያችን ከሞተ ቆየ። ያገኘነው ሰው እሱን ነው።”

ያን ጊዜ ነው ሕይወቷ የታጠፈው። “እኔ ልስፋ” አለች። “ከእንግዲህ በስፌት ምክንያት ማንም እናት እንደኔ እዚህ በር ላይ አትቆምም።” ለጦሩ ፍቅር ኖሯት አይደለም። ሌላው ሁሉ ከአቅሟ በላይ ነበር፤ ስፌት ግን በእጇ ነው።

ቀጥቃጩ ከሥራ ቤቱ ግማሹን ለቀቀላት። መዶሻው ሕፃኗን እንዳይቀሰቅስ የኮርቻ ሳጥን ውስጥ ገለባ ጎዝጉዞ ወስዶ ከጓሮ አስተኛት። ልጅ ያልነበረው ሰውዬ ጭራሮን አቅፎ ሲያባብል የጥላሸት እጁ ጉንጯ ላይ ይታተማልና፣ እናትየው ማታ ማታ ስታጥባት “ዛሬም ጋሼ ማኅተም መትተውሻል” እያለች ትስቃለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ መጀመሪያ የሳቀችው በዚያ ነው። ዛሬም ስለ እሱ ስታወራ “እኔን ያሳደገኝ አባቴ ነው፤ ልጄን ያሳደገልኝ ደግሞ ጋሼ ነው” ትላለች።

ዓመታት አለፉ። እትዬ ጠፍር የምትሰፋው ጠፍር በካምፑ ታመነ። ጋላቢዎቹ ከመነሳታቸው በፊት ዘለበታቸውን ሳይሆን ስፌቷን መታ መታ አድርገው ነው የሚወጡት። በቁስልም በእሳትም የሞቱ አሉ። በጠፍር የሞተ ግን አልነበረም።

ዘንዶዎቹንም አወቀቻቸው። የአንዱ ትከሻ ጠባብ ነው፣ የሌላው ሆድ ይሰፋል፤ እንደ ደንበኛ እየለካች ነው የምትሰፋላቸው። ስትለካ ከመንጋጋቸው ሥር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቁስል ታገኛለች። ይህ በዘንዶ አንገት ላይ የሚታሰረው የእሾህ አንገትጌ ሥራ ነበር። ጋላቢው ልጓሙን ሲስብ የብረት እሾሁ ያን ስስ ሥጋ ይወጋል፤ ዘንዶው ሕመሙ ሲበዛበት እሳት ያስላል። ክፋት ይዞ መወለድ የሚባል ነገር የለም። ጉሮሮውን ካልወጉት እንደ ላም ነው፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ፀሐይ ይሞቃል። እትዬ ጠፍር ሞራ አቅልጣ ቁስላቸውን ትቀባለች። ስትመጣ አመዶ መንጋጋውን ቀድሞ ጭኗ ላይ ያስቀምጥላታል። ክብደቱ ነፍስ ያወጣል፤ ግን አትገፋውም።

ጭራሮ ለአቅመ ግብር ስትደርስ ከእናቷ ቤት ሌላ ልጅ አልነበረምና ጋላቢ ሆነች። የተሰጣት ዘንዶ አመዶ ነው። እናቷ ያን ቀን አልቅሳለች፤ ቢሆንም “ለማያውቃት አውሬ ከምትሰጥ ለአመዶ መሰጠቷ ይሻላል፣ ተመስገን” ማለቷ አልቀረም። የልጇን ጠፍር በእጥፍ ሰፋችው።

እንዲህ ሲኖሩ፣ አንድ ጠዋት አዛዡ ካምፑን ሁሉ ግቢው መሐል ሰበሰበ። ከካምፑ ኮረብታ በታች፣ ወንዙ ዳር፣ ታች ሰፈር የሚባል ሰው የታጨቀበት መንደር አለ። የታች ሰፈር ሰዎች ተመካክረው በራቸውን ዘግተዋል። ከእንግዲህ ልጅ አንሰጥም ብለዋል።

“ጠላት ከተራራው ማዶ ብቻ አይደለም” አለ አዛዡ። “ከነገ በስቲያ ክንፍ ጦር ታች ሰፈርን ያቃጥላል። ለሌላው መማሪያ ይሆናል። ሥራ ቤቱ ለሁሉም ዘንዶ አዲስ አንገትጌ ይሥራ። እሾሁም ይርዘም።”

ሰልፉ ተበተነ። እትዬ ጠፍር ወደ ሥራ ቤቱ ገብታ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። ቀጥቃጩ ወናፉን ማናፋት ጀመረና መዶሻውን አነሳ። የመዶሻ ድምፅ ባለበት የሚናገሩት ከውጭ አይሰማም፤ ሁለቱም ይህን ያውቃሉ።

“ጋሼ፣ እዚያ ታች ስንት ሕፃን አለ?”

“አትጠይቂኝ።”

“የጋላቢዎቹን ጠፍር ክር ባላላውስ? ከመሬት ሳይርቁ ይወድቁና…”

“ወድቀው ምን ሊሆኑ? ላባ ናቸው?” መዶሻውን አሳረፈ። “ልጅሽም እኮ አብራ ናት።”

ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት እንደሚባለው ሆነ። ክሩ ቢላላ የገዛ ልጇና የሰው ልጆች ይወድቃሉ። ክሩ ቢጠብቅ ታች ሰፈር ይነዳል። ዕድሜዋን የኮራችበት ስፌት ዛሬ በሁለት በኩል ስለት አወጣባት። እጇን አገላብጣ አየች።

ቆይታ፣ ለክር ማጠንከሪያ ከምድጃው ጥግ የተጣደውን የሰም ድስት አየች። አባቷ ለወታደር ጫማ የሚሠራው ጠንካራ ተረከዝ ትዝ አላት። ወፍራም ቆዳ የፈላ ሰም ውስጥ ተነክሮ ሲደርቅ እንደ ቀንድ ይጠነክራል፤ ቢያንኳኩት እንጨት ነው የሚመስለው። እሳት አጠገብ ካስቀመጡት ግን ሰሙ ይቀልጥና መልሶ ቆዳ ይሆናል። የዘንዶ ጉሮሮ ደግሞ ከምድጃ በምን ያንሳል?

“ጋሼ” አለች፣ “እሾሁን እኔ ብሰፋውስ?”

ቀጥቃጩ መጀመሪያ አልገባውም። ስትነግረው መዶሻው አየር ላይ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ሳቀ፤ ሳቁን በሳል አስመሰለው።

“አንቺ ልጅ፣ ሁለታችንንም ልታሰቅይን ነው!”

“እርስዎ ከዚህ ይውጡ። አላየሁም ይበሉ።”

“የት ልሂድ? ይልቅ ጥላሸት ያስፈልግሻል” አለና እፍኝ ሙሉ ዝቆ አመጣላት። “ብረት እንዲመስል ማን ያጥቁርልሽ? ይሄን ዕድሜዬን ሙሉ ፊቴ ላይ ስለማመድ ኖሬያለሁ።”

ቆዳውን በእሾህ ቅርፅ ቀደዱ፣ ጠቀለሉ፣ ነከሩ፣ አደረቁ፣ አጠቆሩ። እሱ ባዶውን መስፍ፣ የብረት መቀጥቀጫውን፣ እየመታ ለሰሚው ብረት የሚሠራ ይመስላል።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ አንገትጌዎቹ አልቀው ረድፍ ሲይዙ፣ የካምፑ ዕቃ መርማሪ የሆነው ሻለቃ ለምርመራ መጣ። ዝምተኛ ሰው ነው። ዕቃውን ሁሉ በእጁ ዳስሶ “አለፈ” ወይም “ይመለስ” ይላል እንጂ ሌላ ቃል ሲወጣው የሰማ ጥቂት ነው። የመጀመሪያውን አንገትጌ አነሳ። እሾሁን በአውራ ጣቱ ጫን አለው። መልሶ ወደ አፍንጫው አስጠጋው። እትዬ ጠፍር ክሯን ማሸቷን ቀጠለች።

“ሰም ሰም ይሸታል” አለ ሻለቃው።

“ክሩን በሰም ነው የምናሸው፣ ሻለቃ።”

“ክሩን?”

“አዎ፣ ክሩን።”

ቀና ብሎ አያት። እሷም አየችው። ሻለቃው በመስኮቱ አሻግሮ ታች ሰፈርን ተመለከተ፤ ከየጣራው የምሳ ጭስ ይወጣል። አንገትጌውን እንደ ዕንቁላል ቀስ አድርጎ ቦታው መለሰውና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ደጅ ያሉት ወታደሮች እንዲሰሙት፣ “አለፈ!” አለ። የቀሩትን በእጁ አልነካቸውም። “ሁሉም አልፏል።”

በዚያው ቀን ከሰዓት እትዬ ጠፍር አንገትጌዎቹን ለዘንዶዎቹ ስታለካ ጭራሮ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

“እማዬ፣ ነገ ልጓሙን አልስብም። የፈለጉትን ያድርጉኝ።”

እናቷ ዘለበቱን ከማጥበቅ አላቋረጠችም። ጥቂት ራቅ ብሎ ዘበኛ ቆሟል።

“ትስቢያለሽ” አለች።

“ምን?”

“ሰው ሁሉ እያየሽ፣ ባለ በሌለ ጉልበትሽ ትስቢያለሽ። ለጓደኞችሽም ይሄንኑ ንገሪ።”

ጭራሮ እናቷን እንደማታውቃት ሴት አየቻት። “አንቺ ነሽ ይሄን የምትይኝ? አንቺ?”

“አዎ፣ እኔ ነኝ። ከወለድኩሽ ጀምሮ ክፉ ነገር መክሬሽ አውቃለሁ?”

ልጅቷ የእናቷን እጅ አየች፤ ጥፍሯ ሥር የደረቀ ሰም አለ። ነገሩ ገባት አልገባት፣ ማንም አያውቅም። “እሺ እማዬ” ብቻ አለች። እትዬ ጠፍር በሕይወቷ ከሰማቻቸው ቃላት ሁሉ የምትወደው ይህችን እሺ ነው። ምክንያቱን ሳትነግራት ያመነቻት ልጅ እግዜር ስለሰጣት ዛሬም ታመሰግናለች።

በነጋታው ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ዘንዶዎቹ ተነሱ። ድምፅ ማጉያው ገና ከመነሳታቸው የድል ዘፈኑን ለቀቀው። እትዬ ጠፍርና ቀጥቃጩ ከግንቡ ላይ ሆነው ያያሉ። ታች ሰፈር ላይ ሲያንዣብቡ ሰው መንገድ ላይ በደረቱ ሲወድቅ፣ እናቶች ልጅ ላይ ሲተኙ ከላይ ይታያል። ጋላቢዎቹ ልጓም ሲስቡ ወደ ኋላ ሲለጠጡ ይታያል። አንዴ ዞሩ። ሁለተኛ ዞሩ።

ጭስ የለም።

ጭራሮ ኋላ እንዳወራችው፣ መዳፏ እስኪላጥ ብትስብ አመዶ አንገቱን አዙሮ “ምን ሆነሻል?” በሚል ዓይን አያት። ከዚያ ወንዙን አየ። ውሃ ጠምቶታል፤ በሕይወቱ ሙሉ ከበረራ በፊት ውሃ እየከለከሉት ነው የኖረው፣ እሳቱ እንዲከፋ። ቁልቁል ወረደና ጥልቀት የሌለው ቦታ ላይ ቆሞ መጠጣት ጀመረ። ሌሎቹም ተከተሉት። የክንፍ ጦር በሙሉ እንደ ከብት ወንዝ ዳር ተሰልፎ ውሃ ጠጣ፤ ድምፅ ማጉያው ግን አሁንም በድሉ ይዘፍናል።

ቀጥቃጩ ግንቡ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። እትዬ ጠፍር ማልቀስም አልቻለችም። “ተመስገን፣ ተመስገን፣ ተመስገን” ብቻ ትላለች።

አዛዡ ነገሩን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። ከመጠባበቂያው አንገትጌ አንዱን ከእሳት አጠገብ ቢያደርገው እሾሁ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተልፈሰፈሰ። ወታደሮች አስከትሎ ሥራ ቤቱ ገባ።

“የማን ሥራ ነው?”

“የኔ” አለች እትዬ ጠፍር።

“እሷ ስለ እሾህ ምን ታውቃለች? የኔ ነው” አለ ቀጥቃጩ።

ከበሩ በኩል ሌላ ድምፅ መጣ። “የኔ ነው። ያዘዝኳቸው እኔ ነኝ። መርምሬም ያሳለፍኩት እኔው ነኝ።” ሻለቃው ነበር። መታጠቂያውን ራሱ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

እትዬ ጠፍር አፏን ከፈተች። ሻለቃው በአጠገቧ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ዝም በይ። ልጅሽ እናት ያስፈልጋታል” አላት። ወሰዱት።

ያዳናቸው ያ ብቻ አልነበረም። ጋላቢዎቹ ከወንዙ አልተመለሱም። አንገትጌውን ፈተው ጣሉ፤ ታች ሰፈርም በሩን ከፈተላቸው። ልጓም የሌለው ዘንዶ ካለበት ሰፈር ገብቶ ሰው የሚይዝ ወታደር ከየት ይምጣ? ወሬው ወደ ሌሎች ካምፖች ሄደ። እዚያም ሰፊዎች አሉ፣ ሰምም አለ። ከዚያ በኋላ ያ አገዛዝ ምስጥ የበላው ቤት ሆነ፤ ከላይ ቆሟል፣ ከውስጥ አልቋል። አንድ ቀን ጠዋት ድምፅ ማጉያው ዝም አለ። ሰው የለመደው ነገር ነውና ተበላሽቶ ነው ብለው ጠጋኝ ጠሩ። ጠጋኙ ምሰሶው ላይ ወጥቶ አየና “ምንም አልሆነም፤ የሚናገርበት ሰው ነው የጠፋው” ብሎ ወረደ።

ሻለቃው እስኪፈታ ድረስ ግን ድንጋይ በሚፈለጥበት እስር ቤት ቆይቷል። እትዬ ጠፍር ዳቦ ይዛ ትጠይቀዋለች። መጀመሪያ ቀን በሽቦው ማዶ ሲመጣ ስታይ እንባዋ ቀደማት።

“ሻለቃ፣ ይሄን ውለታ በምን እከፍላለሁ?”

ወደ እግሩ አመለከተ። “ጫማዬ አፉን ከፍቷል። ከዚያ ጀምሪ።”

እዚያው ቁጭ ብላ ሰፋችለት። ስትሰፋ፣ ከሁለት ቃል በላይ የማይናገረው ሰውዬ ወሬ አመጣ።

“ዕድሜዬን ሙሉ አለፈ፣ አለፈ ስል ኖሬያለሁ፣ እትዬ። ደስ ብሎኝ ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ውለታው የማን እንደሆነ እንጃ።”

አሁን እትዬ ጠፍር ታች ሰፈር ውስጥ ወንዙ አጠገብ ሱቅ አላት። ጫማ ትሰፋለች፣ የልጆች ቦርሳ ትጠግናለች። ቀጥቃጩ በተኛበት፣ ጭራሮ እጁን ይዛው ሞተ፤ የልጅ እጅ ይዞ መሞት ለሱ ትልቅ ነገር ነበር። ሻለቃው ከእስር ሲወጣ አንድ ዓይኑ አያይም። ውሎው ከሱቁ ደጃፍ ነው፤ የደንበኛውን ጫማ ሁሉ በእጁ ይዳስስና “ይመለስ!” እያለ ያስቃል። የሰፈሩ ሰዎች እትዬ ጠፍርን በመንገድ ሲያገኟት ጉንጯን ይስማሉ፤ ያን ቀን መሬት ላይ የተኙት ናቸው። እሷ ታፍራለች። “እኔ ምን አደረግኩ? ጥላሸቱ የጋሼ፣ “አለፈ” ማለቱ የሻለቃ፣ መሳቡ የልጄ፣ ውሃ መጠጣቱ የአመዶ” ትላለች።

አመዶም አርጅቷል። ጭራሮ ያለ ልጓም ድንጋይና እንጨት ስታመላልስበት ኖራ፣ አሁን መብረሩን ትቶ ከሱቁ ጀርባ በተሠራለት መጠለያ ሥር ግድግዳ ተደግፎ ይተኛል። ሰውነቱ ትኩስ ነው። ባለፈው ክረምት ዝናቡ አላባራ ብሎ ልብስ አልደርቅ ሲል የሰፈሩ ሴቶች አንድ ዘዴ አገኙ። እትዬ ጠፍር ከሱቅ ወጥታ ስታይ አመዶ ከአንገቱ እስከ ጅራቱ አንሶላ፣ ሸሚዝ፣ የሕፃን ጨርቅ ተሰጥቶበታል።

“እናንተ! እሱ የልብስ ገመድ ነው እንዴ?” ብላ ጮኸች።

“ኧረ እትዬ፣ ለሱም ደስ ብሎታል!” አለች አንዷ ጎረቤት፣ ሕፃን አዝላ። “ይዩት እስቲ፣ ዓይኑን ጨፍኗል።”

እውነትም ጨፍኗል። ጀርባው ላይ እንፋሎት ይነሳል። እትዬ ጠፍር ትንሽ ቆማ አየችው። የሥራ ሽርጧ በዝናቡ ርሶ ነበርና ፈታችው፤ ከክንፉ ጫፍ ላይ ባዶ ቦታ ፈልጋ ሰጣችው።